ከ45 ደቂቃው በኋላ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ልጄ ከዚህ ውስጥ ከቴራፒስቷ ጋር የሚያሳልፈው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስሌት አይለቀኝም። ከሰበታ ተነስተን፣ በዓለም ገና አድርገን አየር ጤና ደርሰን፣ ሌላ ታክሲ ይዘን ሜክሲኮ አካባቢ እስክንደርስ መንገዱ ከተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ለ45 ደቂቃ አራት ሰዓት ደርሶ መልስ ማለት ነው። ዘመዶቻችን «ለዚህች ነው እንዲህ የምትንከራተቱት?» ሲሉን ቆይተዋል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ አይዞርም ነበር። የሚፈልገውን ነገር በጣቱ አያሳይም፤ እጄን ጎትቶ የውኃው ጆግ ላይ ያሳርፈዋል እንጂ ፊቴን አያይም። መጀመሪያ ጆሮው ተመረመረ፤ ደህና ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ሐኪሟ «ኦቲዝም ነው» አለችን። ባለቤቴ ያን ቀን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ምን አድርጌው ነው?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀች የመጀመሪያዋ እናት እሷ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ስላያቸው 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት «የእናት ፍቅር ቢያንሳቸው ነው» እየተባለ እናቶች ሲወቀሱ ኖረዋል። ዛሬ ይህ አስተሳሰብ ውድቅ ሆኗል። ኦቲዝም የአንጎል አስተዳደግ ልዩነት ነው። ከወላጅ አያያዝም ከክትባትም አይመጣም፤ በዘር የሚወረሱ ነገሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። እኛ አገር እርግማን ወይም ቡዳ የሚባለውን፣ እነሱ በሳይንስ ስም እናት ላይ ጭነውት ነበር። ሁለቱም ዘንድ ሸክሙ ያረፈው እናት ትከሻ ላይ ነው።

አማቴ «ጸበልም ሐኪምም ከእግዚአብሔር ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸበል ይወስዱታል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት እንደሚጮህ ስላዩ ግን መዳፋቸውን አርሰው ፊቱን ብቻ ይዳብሱታል። እሱም ዝም ይላቸዋል። እሳቸው ይህን ከማንም ሥልጠና አልወሰዱም፤ ልጁን አይተው ነው የተማሩት።

በ45 ደቂቃው ውስጥ የሚሆነው ነገር ለተመልካች ጨዋታ ይመስላል። ቴራፒስቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሳሙና አረፋ ትነፋለች። ልጄ ይስቃል። ከዚያ ታቆምና ትጠብቃለች። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ልጄ ቀና ብሎ ካያት ወይም አረፋው የተሳለበትን ካርድ ካቀበላት ወዲያው ትነፋለታለች። ዋናው ሥራ ያ ጥበቃ ነው፤ «ብጠይቅ ይሰማኛል» የሚለውን የሚማርበት ክፍተት። እሷም በመጀመሪያው ወር ነግራናለች፦ «እኔ የማሳየው እናንተን ነው፤ እሱን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።»

ስለዚህ የውኃውን ጆግ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ በሚያየው ቦታ አኖርነው። ጫማ ሲያደርግ፣ እንጀራ ሲቀርብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቃል አሳጥረን እንናገርና እንጠብቃለን። ከስምንት ወር በኋላ የውኃውን ካርድ ከግድግዳው ነቅሎ ሰጠኝ፤ ፊቴንም አየኝ። ዛሬም አፉን የፈታው በጥቂት ቃላት ነው። ያን ቀን የሰጠኝን ግን በደመወዝ አልለውጠውም።

ይህ የእኛ ቤት ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ መሠረቱም ጨዋታና የዕለት ተዕለት የቤት ሥራ ነው። አሠልጣኙ የግድ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። በአገራችንም አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞም መንገዱን የጀመረችው ወላጅ ናት። የውበት ባለሙያዋ ዘሚ የኑስ ለልጇ የሚሆን ቦታ ስታጣ፣ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ኦቲዝም የሚለው ቃል በየቤቱ እንዲሰማ ያደረገችው ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አርፋለች። እሷን ተከትሎ ነህምያን የመሰሉ ማዕከላትም ተከፍተዋል።

ማዕከላቱ ግን በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ኪራይና ቦታ ስለሚረክስ ብዙ ወጣት ቤተሰብ ወደዚህ ወጥቷል። ሕፃናቱ እዚህ ናቸው፤ ቴራፒው እዚያ ነው። በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ በአስኮ በኩል ከቡራዩ የመጣች እናትና እንጦጦን ተሻግራ ከሱሉልታ የመጣች እናት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዷ ሥራዋን ትታለች። ሌላዋ ክፍያው ከቤት ኪራይ ጋር ስለሚሻማባት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። ጤና ጣቢያዎቻችን ውስጥ ወላጅ የሚያሠለጥን አንድ ሰው እንኳ ቢኖር የእነዚህ ቤተሰቦች ሕይወት ይለወጣል።

አንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጃችንን በሁለተኛው ሳምንት «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ መልሶታል። አሁን የሚውለው በሰፈራችን ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት። መምህሯ ካርዶቹን ከእኛ ተቀብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈቻቸው። ሌሎቹ ልጆችም ሽንት ቤት ለመሄድ ካርዱን እያነሱ ያሳዩዋት ጀመር።

የሰበታ ሰው ይህን ይችልበታል። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለው ከተማችን ውስጥ ነው። በትር የያዘ ተማሪ መንገድ ዳር ሲቆም ባለሱቁም፣ የታክሲ ረዳቱም ክንዱን ይዞ ያሻግረዋል። ማንም ሰብስቦ አላስተማረንም፤ አብሮ በመኖር የለመድነው ነው። ልጄ ግን በትር የለውም። ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ የሚታየው ባለጌ ልጅና ያልቀጣ አባት ነው። አንድ ጊዜ ረዳቱ «ሙዚቃው ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ቀነሰው። ልጄ እስከ አየር ጤና ድረስ ዝም ብሎ በመስኮት ሲያይ ሄደ።

እንግዲህ ለዘመዶቼ መልሴ ይኸው ነው። የምንንከራተተው ለ45 ደቂቃው አይደለም፤ ለቀሪው 166 ሰዓት ተኩል የሚሆን ስንቅ ልናመጣ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የመምህሯም፣ የአያቱም፣ የታክሲ ረዳቱም ነው። እርስዎም አጠገብዎ እንዲህ የሚጮህ ልጅ ካጋጠመዎት ምክሩን ይተዉትና «ምን ላግዝ?» ይበሉ። ከዚያ ትንሽ ይጠብቁ።