ያልደረቀ እጅ

ክረምት በደሴ ምን እንደሚመስል ለደሴ ልጅ አይነገርም። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፤ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ያድራል፤ ሰኞ ገበያ ደግሞ ከገበያው ጭቃው ይበልጣል። እኛ አራት ነን፤ ሦስታችን የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን የታሪክ ተማሪ። ባለፈው ክረምት ዕረፍታችንን ያሳለፍነው ግን ከመጻሕፍት ጋር ሳይሆን ከጭቃ ጋር ነው፤ ያውም በፈቃዳችን።

ነገሩን ያመጣችው የሰፈራችን ልጅ ናት። አዲስ አበባ፣ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ታጠናለች። (ይህን እንድንጽፍ የፈቀደችልን ስም እንዳናነሳ አስምላ ስለ ሆነ «ቀራጺዋ» እያልን እንቀጥላለን።) ለዕረፍት ስትመጣ ሁለት ነገር ይዛ መጣች፤ አንድ ጥቅል የብረት ሽቦና አንድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ። ዕቅዷ የአያቷን ሁለት እጆች በጭቃ መቅረጽ፣ ከዚያም እጆቹ ሥራ ላይ ሆነው በስልክ ቀርጻ ያንኑ ተንቀሳቃሽ ምስል በትልቅ ጋን ላይ በፕሮጀክተር ማብራት ነበር። «ጭቃው ይቆማል፣ ብርሃኑ ይሠራል» አለችን። እኛም እንደ ልማዳችን ሳቅን።

የሳቅነው ስላልገባን ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ስለ ሥዕል ጥቂት ያወራ ይሆናል፤ ስለ ቅርጽ ግን አፉ ባዶ ነው። ታሪክ አጥኚው ጓዳችን ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ የአዲስ አበባን ሐውልቶች ይቆጥርልን ጀመር። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቆመው በጀርመናዊ ንድፍ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው ትግላችን ደግሞ የሰሜን ኮሪያ እጅ አለበት። «ታዲያ የእኛ እጅ የት ነበር?» አለ። ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የእኛ እጅ አልነበረም ማለት ሐሰት ነው። አክሱም አጠገብ ጎቦድራ ላይ አለት ላይ የተቀረጸች እንስት አንበሳ አለች፤ ጢያ ላይ ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ላሊበላ፣ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ተቀርጸዋል። ዳሩ ግን የጎልጎታ ቅዱሳን ጀርባቸው ከአለቱ አልተላቀቀም። ዙሪያውን የሚዞሩት፣ ከኋላውም የሚታይ የሰው ምስል በቤተ ክርስቲያናችን እምብዛም አልተለመደም፤ ከእኛ መካከል እስላም የሆነው ደግሞ ነፍስ ያለውን ነገር መቅረጽ በቤታቸው እንደማይወደድ ነገረን። ወሎ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ በዚህም ነገር ሳያውቁት ተስማምተዋል። ቀራጺዋ ፊት ትታ እጅ የመረጠችው በዚህ ይመስለን ነበር። ተሳስተናል።

ስለ ዲጂታሉም ነገር እንዲሁ ገልጻልናለች። እኛ ዲጂታል ሲባል ፌስቡክና ቲክቶክ ብቻ ይታየን ነበር። እሷ ግን የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ፎቶግራፍ ከስልኳ አሳየችን። ይህ ሰው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ እየሰበሰበ፣ እየጎነጎነና እየቸነከረ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል፤ ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራዎቹ ቬኒስ ድረስ ሄደው ታይተዋል። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረው ቀራጺው በቀለ መኮንንም ከብረትና ከእንጨት አልፎ ወደ ቪዲዮ እንደ ገባ ነገረችን። «ስልኩም ዕቃ ነው እኮ፤ እንደ መሮ» አለች። መሮ የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም የማረከን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳቶቿ ሆንን።

የረዳትነት የመጀመሪያው ቀን ግን አፍረን የምንናገረው ነገር አለው።

የአያቷ ቤት ከዋናው ቤት ጓሮ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ልጅ ሳለን በዚያ ግቢ ደጃፍ ኳስ ተራግጠናል፤ ውሃ ጠምቶን ግን ገብተን አናውቅም። ለምን እንደማንገባ ማንም በግልጽ አልነገረንም፤ «እዚያ ቤት አትብሉ» ብቻ ነበር የምንባለው። አያቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት ይሠራሉ፤ ሰኞ ሰኞ ግን ገበያ የሚያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ቤተሰቡም ለማያውቅ «ከገጠር ገዝተው ያስቸረችራሉ» ይላል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር ነበር። አገራችን በሸክላ በልታ በሸክላ ጠጥታ ስታበቃ ሠሪውን ቡዳ ትላለች፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ትላለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኛም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ጭቆና የምርምር ጽሑፍ ጽፈን ውጤት አግኝተናል።

እና በዚያ ቀን አያቷ አቦሉን ቀድተው ሲኒውን ሲዘረጉልን ከእኛ አንዱ «ቡና ራሴን ያመኛል» አለ። ሁላችንም ውሸቱን እናውቃለን፤ በቀን አምስት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ነው። አያቷ ምንም አላሉም። ሲኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ጊዜ» አሉት። ቀራጺዋ ሽቦዋን ስትጠመዝዝ ቀና አላለችም። የዚያን ጊዜ ነው ፊት ትታ እጅ ለምን እንደ መረጠች የገባን።

ሥራው ተጀመረ። በስልክ ቅርጽ መያዝ ማለት እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ዙሪያውን እየዞሩ ብዙ ፎቶግራፍ ያነሳሉ፤ ፕሮግራሙ በየፎቶው ውስጥ አንድ የሆኑትን ነጥቦች እያገጣጠመ ካሜራው የት የት እንደ ቆመ ያሰላና ዕቃውን ኮምፒውተር ውስጥ መልሶ ይሠራዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ ማዟዟር ነው። ይህን ነገር የወደደችበት ምክንያት የደሴ ሙዚየም ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ ገብቶ ከተማዋ ኅዳር ማብቂያ ላይ እስክትለቀቅ ባለው ጊዜ ሙዚየሙ ተዘርፏል። «እያንዳንዱ ዕቃ እንዲህ ዙሪያውን ተነስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዕቃው ባይመለስ ቅርጹ ይኖረን ነበር» ትላለች። ስትናገረው ትቆጣለች።

ይሁንና ዘዴው አንድ ጣጣ አለው፤ የሚነሳው ነገር መንቀሳቀስ የለበትም። አያቷ ደግሞ እጃቸውን አሳርፈው መቀመጥ አያውቁበትም። «እማ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» እንላለን፤ «እሺ ልጆቼ» ይላሉ፤ ወዲያው የጀበናውን አንገት ያብሳሉ፣ ገል ያነሳሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይመልሳሉ። ከሰማንያ በላይ ፎቶግራፍ አንስተን ማታ ላፕቶፑ ሲፈጫው አድሮ ጠዋት ስናየው ጀበናው ቁልጭ ብሏል፤ እጃቸው ግን ጭስ ሆኗል። አንዱ እጅ ሰባት ጣት አለው፤ ሌላው ከአንጓው በላይ ቀልጧል። ወስደን ለአያቷ አሳየናቸው። ስልኩን አርቀው ያዙት፣ አቅርበው ያዙት። «ጅብ ሲሆኑ አነሳችኋቸው በሏቸው» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኛ መሳቅ አቃተን፤ ቡና ያመኛል ያለው ጓዳችን መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስለዚህ እጁን ቀራጺዋ በመዳሰስ ሠራችው። በአንድ እጇ የአያቷን እጅ ትይዛለች፣ በሌላው ጭቃውን ትጫናለች። እኛ ጭቃ ስናቦካና ውሃ ስናመላልስ ሰነበትን። እጁ አለቀ፤ ግን አልደረቀም። በሐምሌ ደሴ ላይ ምን ይደርቃል? ከእኛ አንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ «ኮምቦልቻ እንውሰደው፤ እዚያ ፀሐይ አለ» አለ። በካርቶን ጠቅልለን፣ በሚኒባስ ጭነን፣ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ወረድን። ወያላው «ምንድን ነው?» ሲል «የሰው እጅ ነው» ብንለው ጎናችን የተቀመጡት እናት አማተቡ። የዘመድ ቤት ቆርቆሮ ጥግ ፀሐይ ላይ አኖርነው። በሁለተኛው ቀን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ተሰነጠቀ።

ይዘን ስንመለስ አያቷ ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። «ማን ነው ፀሐይ የሰጠው? ጥላ ነው የሚወደው፣ ተሸፍኖ፣ ቀስ ብሎ። ደግሞስ ገል የታለበት?» አሉ። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ ካልገባበት ጭቃው እሳት እንደማይችል የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ቀራጺዋ በትምህርት ቤቷ የለመደችው ከጭቃው ላይ በጄሶ ገልብጦ ጭቃውን መጣል ነው፤ ለዚያ ገል አያስፈልግም። አያቷ «ከሚጣልማ ለምን ትደክሚበታለሽ?» ሲሏት መልስ አጣች። እንደ ገና ተጀመረ፤ አሁን ገሉን የምንወቅጠው እኛ ነን። ቡና ያመኛል ያለው ሙቀጫውን ለማንም አልሰጥ አለ።

ትግሉ የመጣው ከእናቷ ነው። ቀራጺዋ ሥራዋን በጳጉሜን ደሴ ውስጥ ለሕዝብ ልታሳይ አስባ ነበር። የታላቅ እኅቷ ነገር ደግሞ አለ፤ ከኮምቦልቻ በመስከረም ሽማግሌ ይመጣል። የሰውዬው ቤተሰብ ስለ ጓሮው ክፍል አያውቅም። እናቷ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «አንቺ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ። እኛ የምንኖረው ከሰው ጋር ነው» አሏት። እኛ ጣልቃ ገባን። ስለ አዋጁ፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ንቃት ብዙ ተናገርን፤ ጥሩ አድርገን የተናገርንም መስሎን ነበር። ከጓሮ አያቷ ተጣሩ፤ «ልጆቼ፣ አዋጁን ተዉትና እንጨቱን አቅርቡ፤ ዝናቡ ሳይመጣ።»

እናቷ ትክክል ነበሩ እንዴ? እስካሁን አልተስማማንም። የሚከፈለውን የምትከፍለው እኅቷ ናት፤ እኛ ከከፈልነው ምንም የለም። በሰው ሠርግ ጀግና መሆን ቀላል ነው።

በመጨረሻ ሕዝቡ ቀርቶ በግቢው ብቻ እንዲታይ ሆነ። ፕሮጀክተሩን ከአንድ ሠርግ ከሚቀርጽ ፎቶ ቤት ለአንድ ሌሊት ለመንን። ገና ያልተተኮሰ ትልቅ ጋን ጓሮ ውስጥ ቆመ፤ እርጥብ ጭቃው ጠቆር ያለ በመሆኑ ምስሉ ይደበዝዝ ይሆን ብለን ሠግተን ነበር። ሲበራ ግን የአያቷ እጆች በጋኑ ሆድ ላይ መጡ፤ ይጠፈጥፋሉ፣ ይጎትታሉ፣ ከንፈሩን ያስተካክላሉ። ጋኑ ክብ ስለ ሆነ እጆቹ ዳርና ዳር ሲደርሱ ዞረው ይጠፋሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ጋኑ በራሱ ላይ ራሱን የሚሠራ መሰለ። ከፊቱ፣ በርጩማ ላይ፣ የጭቃው እጅ እንደ ተዘረጋ ተቀምጧል። አያቷ ለረዥም ጊዜ አዩና «ቶሎ ቶሎ ነው እንዴ የምሠራው?» አሉ።

መብራት ጠፋ። እንግዲህ ደሴ ነው። የስልክ ባትሪያችንን አብርተን ጭቃው እጅ ላይ አደረግን።

እናቷ ከዋናው ቤት በር ላይ ቆመው ኖሯል፤ መቼ እንደ መጡ አላየንም። ወደ በርጩማው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው አዩት። «አውራ ጣቷ እንዲህ አይደለም» አሉ። ቀራጺዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እናቷ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ ጣታቸውን በውሃው ጣሳ ነከሩ፣ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዘው ወደ ውስጥ አጠፍ አደረጉት፤ በሌላው እጃቸው መዳፍ የስንጥቁን ቦታ በአንድ ጊዜ አልፈው አለሰለሱት። ያ እጅ እንግዳ እጅ አልነበረም። ሲሠሩ ከአሥር ቆጥረን አልጨረስንም። ከዚያ ቧንቧው ዘንድ ሄደው እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥበው ገቡ።

አያቷ አንዳችም አልተናገሩም። በረካው እስኪቀዳ ማንም አልተናገረም። ቡና ያመኛል ያለው ሦስቱንም ጠጣ።

በመስከረም ሽማግሌዎቹ ከኮምቦልቻ መጡ። እንጀራው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ሰው «ጀበናው ሸጋ ነው፣ ከየት ነው?» ብለው እንደ ጠየቁ፣ እናቷም «ከሰኞ ገበያ» ብለው እንደ መለሱ ሰምተናል። የጭቃው እጅ አልተተኮሰም፤ በጓሮ ክፍሉ ጥግ፣ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንዳይደርቅ ጨርቁን በየሦስት ቀኑ የምናረጥበው እኛ ነን።