«ና» ባዮቹ

ከባድ መኪና ከነተሳቢው ወደ ኋላ በሚመለስበት ስፍራ ሁሉ፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው ሰው ሳይቀር አዛዥ ይሆናል። አንዱ «ቀኝ ስበር» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ግራ» ይላል፤ ሦስተኛው እጁን እያወናጨፈ «ና! ና! ና!» ይላል። እኛም ከእነዚሁ ወገን ነበርን።

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም.፣ በክረምት መግቢያ፣ በደሴ ከተማ ነው። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጋዘን የሚራገፍ መጽሐፍ የጫነ መኪና መጣ። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና ባቲን አልፎ፣ ከኮምቦልቻም በኋላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ነው የደረሰው። ያን ሁሉ ሐሩርና ጠመዝማዛ ያለፈ መኪና ከእኛ በር ሲደርስ ተቸገረ። በራችን 4 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የመኪናው ስፋት ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ነው። ይህ ሲሰሙት ችግር ያለበት አይመስልም። ዳሩ ግን ባለ 40 ጫማው ኮንቴይነር ብቻውን ከ12 ሜትር ይበልጣል፤ ጎታቹ ሲታከልበት 16 ሜትር ገደማ ይሆናል። የበሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ በግቢውም ውስጥ መዞሪያ የለም። ስለዚህ በጀርባው፣ ያውም እየታጠፈ፣ መግባት ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ ተሳቢው ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ተሳቢ በፊቱ በኩል ጎማ የለውም፤ ግንባሩን በጎታቹ ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ በአንድ ወፍራም የብረት ካስማ ተጋጥሞ ይጎተታል። ወደ ፊት ሲሄድ እንደ ገራም በቅሎ ይከተላል። ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ቢያዞር የተሳቢው ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ቢያዞር ወደ ቀኝ። አንድ ጊዜ መታጠፍ ከጀመረም በራሱ አይቃናም፤ ጎታቹ ተከትሎ ካላቃናው በቀር መታጠፉ እየባሰ ሄዶ ሁለቱ ይላተማሉ። ስለዚህ አዋቂ ሹፌር መሪውን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚያዞረው፤ አካሄዱ ሲበላሽበትም ወደ ፊት ወጣ ብሎ፣ አቃንቶ፣ እንደ ገና ይጀምራል። እኛ ግን ይህን እንደ ድክመት እንቈጥረው ነበር።

ሌላም ችግር ነበረ። መሪው በግራ በኩል ነውና፣ ተሳቢው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ የኋላውን ጎማ ለማየት ይችላል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን የቀኙ ስፖኪዮ የሚያሳየው የኮንቴይነሩን ጎን ነው፤ የግራው ደግሞ ባዶውን መንገድ። ከበስተኋላ ያለውን ከሁለቱ አንዱም አያሳይም። የእኛ በር የሚያስገባው በቀኝ ነበረ።

ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ወጡ። ከእኛ አንዱ «እኚህ ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን ከየት አመጡት?» ቢል ሳቅን። በሦስተኛው የተሳቢው ጅራት በሩን አለፈ። ያን ጊዜ ሁላችንም፣ እኛው ያስገባነው ይመስል፣ «ና! ና!» እያልን ጮኽን። መኪናው ቀስ እያለ መጣ፤ ከዚያም በድንገት ቆመ። ሹፌሩ ወረዱ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩም በቀኝ በኩል ዞረው ወደ ኋላ ሄዱ።

ረዳቱ ልጅ ከኮንቴይነሩ ሥር ተንበርክኮ፣ በጎማው መንገድ ላይ የተቀበረ ድንጋይ ይነቅል ነበር። በእርሱና በጎማው መካከል የቀረው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም።

«ቁም ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ ልጁ፣ ቀና ብሎ ጎማውን ሲያይ።

ሹፌሩ ወደ እኛ ዘወር አሉ። ይቈጣሉ ብለን ነበር፤ አልተቈጡም። «የቆምኩት የዚህን ልጅ ድምፅ ከእናንተ ጩኸት መካከል ስላጣሁት ነው። እባካችሁ፣ እሱ ብቻ ይናገር» አሉን።

ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከብደን ግን ይህ አይደለም። ማታ ብቻችንን ስንሆን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ከሰባታችን አራታችን ልጁ ሲጎነበስ አይተነው ኖሯል። አንዱ «ሌላው ይነግራቸዋል ብዬ ነው» አለ። ሌላው «ሹፌሩ በመስተዋት የሚያዩት መስሎኝ ነው» አለ። ሦስተኛው ዝም አለ። አራተኛው፣ እያየውም ሳለ «ና» ማለቱን እንዳላቋረጠ ተናገረ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ሊያስረዳን አልቻለም።

ልጁ ድንጋዩን ነቅሎ ከጣለ በኋላ፣ ሹፌሩ በቀኙ ስፖኪዮ ሊያዩት ከሚችሉበት ስፍራ አቆሙት። «እኔ አንተን ካላየሁ፣ አንተም እኔን አታየኝም» አሉት። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የተሰማው የአንድ ልጅ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ «ቁም» አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ሁለቱንም ጊዜ ወርደው አዩ፤ ማንም አልሳቀም።

መጽሐፉ ተራግፎ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። በሹፌሩ ላይ የቀለደው ጓደኛችን ሻይ አፍልቶ አቀረበላቸው፤ ተቀምጠው ጠጡ፤ ለልጁም ስኳር እንዲጨመርለት ጠየቁ። ባዶው መኪና ከግቢ ሲወጣ ወደ ፊት ነበርና የማንም ጥንቃቄ አላስፈለገውም። እኛ ግን በሩን አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ በግንቡ ጥግ ተሰልፈን ዝም ብለን ቆምን።