ከሠንጠረዡ የሰረዝኩት ምጣድ

የማስተርስ ቲሲሴ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ «የኃይል ፍጆታ መረጃው የተሰበሰበው በቦታው ተገኝቶ ነዋሪዎችን በመጠየቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ውሸት ነው። አልተገኘሁም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ቦታው ሩቅ ቢሆን ኖሮ ማመካኛ አላጣም ነበር። ግን ከአረርቲ ወጣ ብላ ያለች፣ አክስቴ የሚኖሩባት፣ ልጅ ሳለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ጥጃ የጠበቅሁባት ቀበሌ ናት።

የተማርኩት ኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና ነው፤ ዘርፌ ፓወር። ርዕሴ ዋናው መስመር ላልደረሰላቸው 200 አባወራዎች ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከዲዝል የተቀናጀ ማመንጫ መንደፍ ነበር። መግቢያው ላይ በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ጠቅሻለሁ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ኤሌክትሪክን ለሁሉም ለማዳረስ፣ ከዚያም ውስጥ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ ማመንጫዎች ለመሸፈን የተወጠነውን። መግቢያው አሁንም ሲነበብ ያምራል።

ሆመር የሚባለውን ሶፍትዌር የዘርፉ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። የፀሐይ ጨረሩንና የነፋሱን ፍጥነት ከናሳ የሳተላይት መረጃ ያወርዳል፤ የዕቃውን ዋጋ ትሰጠዋለህ፤ የዓመቱን 8,760 ሰዓታት አንድ በአንድ አስልቶ የትኛው ቅንጅት እንደሚረክስ በተራ ይደረድርልሃል። ከየትም ሊያመጣው የማይችለው ነገር ቢኖር ሰዎቹ በስንት ሰዓት ምን እንደሚያበሩ ነው። ያንን የሚያመጣው ተማሪው ነው።

እኔ ያመጣሁት ከሌላ ሰው ቲሲስ ነው። የቡና አገር ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ሠንጠረዡን እንዳለ ገለበጥኩት፤ ለየቤቱ ይህን ያህል አምፖል፣ አንድ ራዲዮ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ኬላው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ። መጨረሻው ላይ የቡና መፈልፈያ የሚል መስመር ነበረበት። አረርቲ ባለችበት ምንጃር ውስጥ ቡና የሚፈለፈልበት ቦታ እንደሌለ ስለማውቅ ያንን ሰረዝኩ። «የመስክ ጥናት» ያልኩት እንግዲህ ይህንን ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይተባበራል፤ ፍጆታው ከቀን ቀን በስንት በመቶ እንደሚለያይ ይጠይቅሃል። 10 ብዬ ሞላሁ። ወዲያው ቀጥ ያለው መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ቆጣሪ ተተክሎ የተለካ መሰለ። ያንን ግራፍ ዲፌንስ ላይ ሳሳይ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ደስ አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከነክነኝ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 200 ቤት ጠዋት ላይ እኩል ሲጥድ፣ በ3.5 ሲባዛ 700 ኪሎ ዋት ነው። በዚህ ቁጥር ሳሠራው ሶፍትዌሩ ያወጣልኝ ዋጋ የሚነገር አልነበረም፤ ባትሪው ብቻ የቀበሌውን ከብት ቢሸጡ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ ምጣዱን አወጣሁትና በምትኩ አንዲት መስመር አስገባሁ፦ «ነዋሪዎቹ ለማብሰያ ማገዶ መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ ተብሎ ታስቧል።» ዋጋው ወረደ። ድምዳሜዬ አማረ። ማን እንዳሰበው አልጻፍኩም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ጊዜ አጥሮኝ ነው እንዳልል፣ አረርቲ ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። አንዱ ምክንያት የተማርንበት መንፈስ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ የምናወራው ስለ ሜጋ ዋት ነው፤ የህዳሴው ግድብ 5,150፣ አዳማ አጠገብ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች 51 እና 153። የአንዲት ቤት አምፖል ስንት ሰዓት በራ ብሎ መቁጠር የጸሐፊ ሥራ እንጂ የኢንጂነር ሥራ አይመስለንም ነበር። የባሰው ምክንያት ግን የራሴ ነው። የአገሩ ተወላጅ ነኝ፣ ምን ይጠየቃል አልኩ። እዚያ መወለዴን እንደ መረጃ ቆጠርኩት። አክስቴ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት የበላሁትን እንጀራ በስንት ቀን አንዴ እንደሚጋገር ግን አላውቅም ነበር።

አረርቲ በምርምር ዓለም ስሟ የሚታወቀው በሽምብራ ነው። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ «አረርቲ» የሚባል ዝርያ አለ። አንድ ዝርያ ስም አግኝቶ ለገበሬ እስኪደርስ በየቦታው ማሳ ላይ በተለያየ ዓመት ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይመዘናል፤ ከዚያም መርማሪዎች ማሳው ድረስ መጥተው ያዩታል። ሽምብራ ያገኘውን ያህል ትኩረት የአክስቴ ምጣድ ከእኔ አላገኘም።

ከተመረቅሁ በኋላ በነበረው ኅዳር፣ ጤፍ በሚታጨድበት ወቅት፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አክስቴ ጭስ ቤቱ ውስጥ ሆነው እየጋገሩ ነበር። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማሰሻቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ስለኛ ቀበሌ ጽፈህ ተመረቅህ አሉኝ፤ እስቲ ምን አልክ?» አሉ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኳቸው። እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው፣ «ለዚህስ?» አሉ።

«ማገዶው ይቀጥላል ነው የሚለው» አልኳቸው።

አክንባሎውን ከፍተው እንጀራውን አወጡና ሳቁ። «ቀጥሏል እኮ፣ ይኸው! ይህን ለመጻፍ ነው እዚያ ድረስ የተማርከው?»

ቲሲሱ ከታተመና ከተጠረዘ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። «በየቀኑ ትጋግራላችሁ ለመሆኑ?»

«በየቀኑ? ማን ጉልበት ሰጥቶን! በሦስት ቀን አንዴ ነው። ደቦ ካለ ሌላ ነገር።»

«ምጣዱ ኤሌክትሪክ ቢሆንና ሁሉም እኩል አትጣዱ ቢባልስ?»

«ወፍጮ ቤት ወረፋ እንይዝ የለ? ለሱም እንይዛለን። ይልቅ ሽንኩርቱን የሚያጠጡበትን ሞተር ጽፈኸዋል? ነዳጁ ነው ልጆቹን የገደላቸው።» አልጻፍኩትም ነበር።

ማታውን በስልኬ ካልኩሌተር አሰላሁት። በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ በቀን የሚጋግረው 67 ቤት ገደማ ነው። ቀኑን በአራት ፈረቃ ቢከፋፈሉት በአንድ ጊዜ የሚጣደው 17 ምጣድ፣ ወደ 60 ኪሎ ዋት። ወረፋው ተዛንፎ እጥፍ ቢሆን እንኳ 120። እኔ 700 ብዬ ነው የፈረድኩባቸው። የማስተርሱ ትልቁ ግኝት ሊሆን ይችል የነበረው ነገር አንዲት ጥያቄ ነበር የሚፈልገው፤ ያውም ቡና እየተጠጣ የምትጠየቅ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የራሴ ጥፋት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆንኩ፤ የት እንደሆነ ይቅር። የሌላ ወረዳ ልጅ የሆነ ተማሪ ረቂቁን ይዞልኝ መጣ። ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሠንጠረዤን አገኘሁት። አምፖሉ፣ ራዲዮው፣ ጤና ኬላው፤ ምጣድ የለም፣ ሞተር የለም፣ ማገዶው ይቀጥላል። ከሥሩ ስሜና ዓመተ ምሕረቱ ተጠቅሷል። ልጁ ከእኔ ይሻላል፤ ከየት እንዳመጣው ጽፏል። እኔ የኅዳግ ስፋቱንና የሥዕሎቹን ቁጥር አርሜ ፈረምኩለት። ተመረቀ።

በቅርቡ ቲሲሴ የተቀመጠበት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ማረሚያ ወረቀት አብሮ እንዲጠረዝ ጠየቅሁ። ለተመረቀበት ሥራ ማረሚያ የሚያስገባ ሰው ገጥሟቸው እንደማያውቅ፣ የሚሞላ ቅጽም እንደሌለ ነገሩኝ። ወረቀቱን እንዲሁ ሽፋኑ ውስጥ አስገብቼው ወጣሁ፤ አንዱ አንባቢ እስኪያወጣው እዚያው ይሆናል። ከዚያ ለተማሪዬ ደወልኩ። አሁን አንድ ድርጅት ውስጥ ሶላር ያስተክላል። ሁሉንም ነገርኩት፤ የቡናውን መስመር ሳይቀር። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «መምህር፣ ያኔ ረቂቁን ሲያዩት እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስሜ ተጠቅሶ ሳየው ደስ ስላለኝ ነው አልኩት።