ካርቱም ክፉ ብቻ አልነበረችም

 

ዛሬ ስለ ወረፋ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አልጽፍም። እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል። ዛሬ ስለ ካርቱም ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን አፍልታችሁ አንብቡት።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በአንድ የስደተኞች ግሩፕ ላይ የሱዳናውያን ፎቶ ለጠፈ። እዚሁ ዩጋንዳ፣ ፍራሽና ፌስታል ይዘው መሬት ላይ የተቀመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ከስሩ "እስቲ እነሱም ይቅመሷት" ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው ሳቀ። አልዋሻችሁም፣ የኔም ጣት ወደ ሳቁ ሄዶ ነበር። ከሻ የቀመሰ ሰው ለምን እንደሚስቅ ይገባኛል። ነገር ግን ፎቶው ላይ አንዲት እናት አሉ፤ ቶባቸውን በአንድ እጃቸው አፋቸው ላይ ይዘው ካሜራውን አያዩም። ሐጃ መስለውኝ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሐጃ ዴም ውስጥ ያከራዩን ሴትዮ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ዴም የነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

እኔ ካርቱም የገባሁት በ2015 ነው፣ በፈረንጆቹ። እንደ ብዙዎቻችሁ ለሦስት ወር ብዬ ገብቼ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ወጣሁ። የሐጃ ቤት ሆሽ ነበር፤ ዙሪያውን ክፍሎች፣ መሃሉ አሸዋ የለበሰ ግቢ። እኛ ሦስት የሐበሻ ልጆች አንዷን ክፍል ይዘናል። ክፍሏ ቀን ቀን ምጣድ ናት። የካርቱምን ግንቦትና ሰኔ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ራሱ ይተነፍስብሃል።

እንግዲህ ማታ ማታ አሸዋው ላይ ውሃ እንረጭና አንገሬባችንን ተሸክመን እንወጣለን። ሐጃ በአንድ ጥግ፣ እኛ በሌላው። ኮከብ እያየን እናወራለን። ሐጃ ስለ አገራችን መጠየቅ ይወዳሉ። "በሐምሌ እኛ ጋ ጋቢ ደርበን እሳት ዳር ነው የምንቀመጠው" ስላቸው "ወላሂ?" ብለው ይነሱና ይቀመጣሉ። አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ ያስደግሙኛል። ኋላ ሲገባኝ፣ ታሪኩን ረስተውት አይደለም፤ እኔ አገሬን እያወራሁ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነበር።

ከበሩ ውጭ ሁለት ዚር ነበራቸው። ለማታውቁት፣ ዚር እንደኛ እንስራ ያለ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው። የብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ይታሰራል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ እያላበ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፣ ያለ ፍሪጅ። ለመንገደኛ ነው የሚቀመጠው። የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ ጠጥቶ ይሄዳል። ሐጃ ከፈጅር ሶላት በኋላ ራሳቸው ይሞሉታል። የታመሙ ቀን እኔ እሞላላቸው ነበር። ካርቱም ውስጥ መታወቂያ ያልጠየቀኝ ነገር ቢኖር ዚር ነው።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ፣ ሲት ሻይ ነበርኩ። አንድ ካኑን፣ አንድ ከፈቲራ፣ ጀበና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ናዕናዕ፣ ከርከዴ፣ ዙሪያውን ዝቅ ያሉ ባንበሮች። ጠዋት ዘላቢያ እጠብሳለሁ። ደንበኞቼ የራክሻ ሹፌሮች፣ የግንበኛ ረዳቶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪም ነበሩ። አስተማሪው ሻይ በያዙ ቁጥር ስለ ጥላሁን ገሠሠ ያወሩኛል። ቃሉን አያውቁትም፤ ዜማውን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያወርዱታል። እኔ ደግሞ በልዋጩ የሙሐመድ ወርዲን ዘፈን በተሰባበረ አረብኛ እዘፍንላቸዋለሁ፤ የራክሻ ሹፌሮቹ እስኪያነቡ ይስቁብኛል።

ሰላምታቸውስ ትዝ አይላችሁም? እኛ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና" እንደምንለው እነሱም አያልቅባቸውም። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አረብኛ ሳላውቅ የለመድኩት ይሄ ነው። ቋንቋው ሌላ ነው፣ ርዝመቱ ግን የናቴ ሰላምታ ነው።

አሁን ከሻውን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኩ ይሄ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ተይዣለሁ። አንዴም አይደለም። ፖሊሶቹ መኪናቸውን ድንገት ያቆማሉ፣ ከፈቲራውንም ካኑኑንም ፍሙ ሳይጠፋ ይጭኑታል፣ አንቺንም ይጭኑሻል። የስደተኛ ወረቀት አለኝ ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ሌሊቱን ቆመሽ ታድሪያለሽ፤ ጠዋት ገንዘብ ካለሽ ትወጫለሽ። አንድ ጊዜ የአንድ ወር ገቢዬን ከፍዬ ወጣሁ። ያንን ሌሊት የረሳሁ እንዳይመስላችሁ።

ግን የዚያን ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ያገኘኋቸው ሐጃ ነበሩ። በዚያ እግራቸው፣ በዚያ ፀሐይ። ፖሊሱን "ያ ወለዲ፣ ይቺ ልጄ ናት" ሲሉት ሰማሁ። አላመናቸውም፣ ገንዘቡም አልቀረልኝም። ቤት ስንደርስ ከኩሽናቸው የራሳቸውን አሮጌ ከፈቲራ አውጥተው "ነገ ሥራሽን ጀምሪ" አሉኝ። ታዲያ ሁለቱም ሱዳን ናቸው። ያቺን ሌሊት ብቻ ነግሬ ያቺን ጠዋት ብተው፣ እኔም በቃለ መጠይቅ ወንበር ላይ ታሪካችንን እንደሚቆርጡብን ሰዎች መሆኔ ነው።

ጾሙንም ላንሳ። በረመዳን ማታ መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ እንደሚያበሉ ያላየ የለም። መኪና ሳይቀር ያስቆማሉ። ክርስቲያን ነኝ ብትልም መልሱ አንድ ነው፣ "ቁጭ በል"። እኛ ሁዳዴ ስንጾም ደግሞ ሐጃ ፉላችንን በሰሊጥ ዘይት ብቻ ይሠሩልናል፤ አይብም እንቁላልም የለበትም። ግን ሁልጊዜ ይከራከሩናል። "ውሃ እየተጠጣ ምን ጾም አለ?" ይላሉ። "እናንተ ሌሊት ሥጋ እየበላችሁስ?" እላቸዋለሁ። በዚህ ክርክር ስምንት ዓመት ሳቅን።

አርብ ዕረፍት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዳንዴ ወደ ናይል ዳር እንሄድ ነበር። ከጣና የወጣው አባይና ከቪክቶሪያ የመጣው ነጩ የሚገናኙበት ቦታ ቆመን ውሃውን እናያለን። በነሐሴ የኛው ውሃ ቀልቶ፣ ደፍርሶ፣ የጎጃምን አፈር ይዞ ይመጣል። አንዷ ጓደኛችን ጎንበስ ብላ በእጇ ታፍነውና "ከእናቴ አገር ነው" ትላለች። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። እኛም ግንዱ ነበርን።

በኅዳር 2020 አገር ቤት ጦርነቱ ሲጀመር ተራችን ላይ ሻይ የምንሸጥ ሴቶች አማራም፣ ትግሬም፣ ኦሮሞም፣ ኤርትራዊም ነበርን። ስልካችን ላይ የምናየው ሌላ፣ ፊት ለፊታችን ያለችው ሴት ሌላ። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ተባባልን። በአራተኛው ቀን አንዷ ከሰል አለቀባት። የማትናገራት ሴትዮ ተነስታ ፍም በቆርቆሮ አድርጋ ወሰደችላት። ከዚያ በኋላም ሁሉም ነገር ደህና ሆነ አልልም። ፍም መዋዋስ ግን አልቀረም።

ከዚያ ሚያዝያ 2023 መጣ። ጦርነቱ ቅዳሜ ጠዋት ሚያዝያ 15 ሲጀመር ለነሱ ረመዳን ነው፣ ለኛ ቅዳም ሹር። በነጋታው ፋሲካ ነበር። ዶሮዋን አርብ ገዝተን ግቢው ውስጥ አስረናታል፤ ሽንኩርቱ ተከትፏል። ተኩሱ ሲጀምር መጀመሪያ የሠርግ መስሎን ነበር። ቀትር ላይ አውሮፕላን መጣ። መብራት ሄደ፣ ውሃ ቆመ።

እሑድ ማንም የመብላት ልብ አልነበረውም። ሐጃ ግን "ዛሬ ዒዳችሁ ነው፣ እረዱ" አሉ። የጎረቤት ልጅ ባረከልን። ዶሮ ወጡን በሹክሹክታ ሠርተን ወለል ላይ ተቀምጠን በላን። እሳቸው እየጾሙ በራፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፋሲካ አላሳለፍኩም፤ አያሳልፈኝም።

ውሃውስ? ሐጃ ቅዳሜ ዕለት ሁለቱን ዚሮች ወደ ግቢ አስገብተዋቸው ነበር። በዚያችው የቆርቆሮ ኩባያ እየተለካ ለስድስት ሰው አደረሱን። ለማናውቀው መንገደኛ የተሞላው ውሃ እኛን አቆየን። እሳቸው ሲጠጡ የማየው ማታ ሲያፈጥሩ ብቻ ነው፤ ያውም ግማሽ።

በሁለተኛው ሳምንት ወጣን። መንገዱን ብዙዎቻችሁ ስለሄዳችሁበት አላስረዝመውም፤ ኮስቲ፣ ሬንክ፣ በጀልባ ማላካል፣ ጁባ፣ ኒሙሌ፣ ካምፓላ። ሐጃ አብረውን አልመጡም። "ቤቱን ማን ይጠብቃል?" አሉ። ቴምር በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝና በሩን ዘጉ። በመስኮት እንኳን አላዩንም፤ ካዩን እንደማንሄድ ያውቃሉ።

በኋላ እህታቸው ጋ ወደ ወድ መደኒ እንደሄዱ ሰማሁ። ድምፅ ይልኩልኝ ነበር። የመጨረሻው ላይ "ያ ቢቲ፣ እዛ ዝናብ አለ?" ይላሉ። በታኅሣሥ 2023 ጦርነቱ መደኒ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይጠራም። በ2025 ጦሩ መደኒንም ካርቱምንም መልሶ ሲይዝ ደወልኩ፤ አሁንም በየሳምንቱ አርብ እደውላለሁ። ያው ነው።

አሁን የምኖረው ካንሳንጋ ነው። እንጀራው አለ፣ ሮሌክሱ አለ፣ ዝናቡም አለ። ነጩ ናይል ከቪክቶሪያ የሚነሳው እዚሁ ዩጋንዳ፣ ጂንጃ ነው። ከአንደኛው ምንጭ አገር ወጥቼ ሁለቱ የሚገናኙበት ኖርኩ፤ አሁን በሁለተኛው ምንጭ በኩል ተቀምጫለሁ። ዝናብ ሲዘንብ "ሐጃ፣ አዎ አለ" እላለሁ ለብቻዬ።

እና ወንድሜ፣ ያንን ፎቶ የለጠፍከው። ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት፤ ስምህንም አልጠራም። ምን እንዳደረጉህ አላውቅም። የተዘረፍክ፣ የተደበደብክ ልትሆን ትችላለህ። ያ ዕዳ አለ፣ እኔም አልሰረዝኩትም። ግን ያንን ያደረገው ሰው እዚያ ፍራሽ ላይ የለም። እዚያ ያሉት ዚር የሚሞሉት ናቸው።

ከዚህ አገር ስንገባ ማንም ያልነገረንን ነገር ዛሬ እኛ እናውቃለን። የትኛው ቢሮ በጠዋት እንደሚከፈት፣ የትኛው ደላላ እንደሚበላ፣ ሲም ካርድ ለማውጣት የትኛው ወረቀት እንደሚበቃ። አረብኛውንም እነሱው አስተምረውናል። እኔ በየማክሰኞው ጠዋት ከሁለት ሱዳናውያን እናቶች ጋር ለምዝገባ ወረፋ እሄዳለሁ፤ አስተርጓሚ ሆኜ እቆማለሁ። ገንዘብ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ። ኪርያንዶንጎ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከኔ ይልቅ ትቀርባላችሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። በተለይ ካርቱም፣ መደኒ፣ ገዳሪፍ የኖራችሁ።

የዴም ልጆች፣ ሌላ ልመናም አለኝ። የዛፉ ጥግ፣ ሁለት ዚር በሩ ላይ ያለው ቤት። የሐጃን ወሬ የሰማ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ይንገረኝ። ክፉ ከሆነ አልቅሼ ልውጣልኝ፣ ደግ ከሆነ ዝናቡን ልንገራቸው።

እናንተስ? ከካርቱም ምን ትዝ ይላችኋል? ከሻውን ብቻ አትጻፉ። ያበላችሁን ሰው ጻፉ።

ቸር ወሬ ያሰማን። ሰላም ለሱዳን፣ ሰላም ለአገራችን።