ቀለሟ ምን ነበር?

መኪናዋን ያየኋት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በምሥራቅ ለንደን ዳርቻ ነው። ቀይ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለ ነበር ኮፈኗ ላይ የውሃ ጠብታ ተርከፍክፏል። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ሊብሬዋን ዘርግቶ፣ «በኋላ እንዳይከፋዎት፣ አስቀድመው ይህን ይዩ» አለኝ። ጣቱ ያረፈው «ኤስ» በምትል አንዲት ፊደል ላይ ነበር።

በብሪታንያ አንድ መኪና ክፉኛ ተጋጭቶ ኢንሹራንሱ ከማስጠገን ይልቅ ዋጋውን ከፍሎ መገላገልን ሲመርጥ፣ መኪናው ከአራት ፊደላት በአንዱ ይመደባል። «ኤ» የተባለው እንዳለ ይጨፈለቃል። «ቢ» የተባለው ዕቃው ተፈትቶ ለሌላ መኪና ሊሆን ይችላል፤ አካሉ ግን መንገድ አያይም። «ኤን» ተሸካሚ አካሉ ያልተነካ ነው። «ኤስ» ደግሞ ተሸካሚ አካሉ ተጎድቶ፣ ከተጠገነ ግን ወደ መንገድ ሊመለስ የሚችል ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ነው። ፊደሏ መኪናዋ መሰበሯን ትመሰክራለች። ማን እንደ ጠገናት፣ እንዴትስ እንደ ጠገናት አትናገርም።

የተጠየቀባት ዋጋ 2,400 ፓውንድ ነበር። ፊደሏ የሌለባት እኅቷ አራት ሺህ ግድም ትጠይቃለች። እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬ የነዳኋቸው መኪኖች ሁሉ ለሥራ፣ ለልጆችና ለአስቤዛ የተገዙ ነበሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ለደስታዬ ብቻ የሚሆን መኪና ይኑረኝ ብል ማን ይፈርድብኛል? ታናሿ ልጄም ወሬውን ሰምታ፣ ጣሪያውን ከፍተን እስከ ስኮትላንድ ድረስ እንሄዳለን ብላ ዕቅዱን ጨርሳለች።

ምኞቱ የተጸነሰው ግን ለንደን አይደለም። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ የላሜራ ሠራተኛ ነበር። በእርሱ ዓለም መኪና አይሞትም። የአንዱ በር ለሌላው ይሆናል፤ የተጨማደደው ፓራፋንጎ በመዶሻና በትዕግሥት ይቃናል። በ1965 ዓ.ም.፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንዲት ሰማያዊ ጣሪያ አልባ ፊያት ተጎትታ ግቢያችን ገባች። ባለቤቷ አገሩ ሊገባ ቸኩሎ ለደላላ የጣላት ናት። አመሻሽ ላይ መሪዋን ጨብጬ በአፌ እያጓራሁ፣ ከግቢው ሳልወጣ ስንቱን አገር ዞርኩባት!

አባቴ ከበሯ ሥር በርከክ ብሎ፣ «ጣሪያ ያለው መኪና እንደ ሣጥን ነው፤ ከላይም ከታችም ይያያዛል። የዚህች ወገቧ ግን እዚህ ነው» እያለ ያሳየኝ ነበር። ያ ወገብ ተሰብሯል። ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ብረት መበየድ ነበረበት። ደላላው ለዚያ የሚሆን ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። «ቀለሟን አሳምርልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው» አለ። አባቴ ሁለት ቀን አንገራገረ። መስከረም ነበር፤ የእኔና የእኅቶቼ የትምህርት ቤት ክፍያ አልተከፈለም። በሦስተኛው ቀን ስቱኮ ሲለውስ አየሁት።

የገዛት አንድ ወጣት ነው። ሲወስዳት የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እጅዎ ይባረክ» አለው። አባቴ አሜን አላለም።

ከዚያ በኋላ አባቴ አንድ ልማድ አወጣ። በደብረ ዘይት መንገድ ወይም በእንጦጦ ቁልቁለት መኪና ተገለበጠ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ቀለሟ ምን ነበር?» ይላል። ነጭ ናት ሲሉት መዶሻውን ያነሣል። ሰው ሞተ ሲባል ስለ ቀለም የሚጠይቅ ምን ዓይነት ልብ ነው እያለች እናቴ ትቆጣው ነበር። እኔ ምክንያቱን ዐውቅ ነበር። እርሱም ማወቄን ያውቅ ነበር። እስኪሞት ድረስ ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

እንግዲህ ያቺ «ኤስ» ሌላውን ገዢ ብታስደነግጠውም፣ እኔን ይበልጥ አቀረበችኝ። አባቴ ሊያወጣው ያልቻለው ቃል እዚህ በወረቀት ላይ ታትሞ ተቀምጧል። ነዳኋት፤ ማርሿ እንደ ቅቤ ይገባል፣ መሪዋ ሐሳብ ይሰማል። ስመለስ ወጣቱ ሁለት ፎቶዎች አሳየኝ። በአንዱ ግራ ጎኗ ተጨፍልቋል፤ በሌላው ታብለጨልጫለች። «ከብየዳው በኋላ፣ ከቀለሙ በፊት የተነሣ የለህም?» ብዬ ጠየቅሁት። የለውም። እርሱም የገዛት ተጠግና ነው።

በማግሥቱ አንድ ወገናችን የሆነ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ወደ ላይ አንሥቶ ሥሯን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ሄደና በግራ በር ሥር ሲደርስ ቆመ። «ጋሼ፣ ያዳምጡ» አለኝ። ሌላው ብረት ይጠራል፤ እዚያ ጋ ግን ድምፁ እንደ ጭቃ ግድግዳ ታፍኖ ቀረ። ማግኔት ቢያስጠጋ ተንሸራትቶ ወደቀ። ይህንን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ጆሮዬ አልረሳውም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነጂው በቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ ግራው የልጄ ወንበር ነበር።

ወጣቱ ፊቱ ቀላ፤ እውነትም አያውቅም ነበር። ወዲያው 500 ፓውንድ ቀነሰልኝ። በትክክል ለማሠራት የሚጠይቀው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ቢሆንም ልቤ አልቆረጠም። ብቻዬን ብነዳት፣ ቀስ ብዬ ብነዳት፣ ለበጋ ብቻ ባወጣት እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ቆየሁ። ሲሰለቸኝስ ለማን እሸጣታለሁ? ያን ጊዜ ደላላው እኔ ነኝ።

ቁልፉን መለስኩለት። «ማስታወቂያህ ላይ ይህንንም ጨምረህ ጻፈው» አልኩት። «አስብበታለሁ» አለኝ። ሐሙስ ዕለት ባየው ማስታወቂያው ተነሥቷል። ደወልኩለት፤ አላነሣም።

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ለንደንን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ ከባድ ግጭት መድረሱን ሬዲዮው ተናገረ። ልጄ ሻይ እየቀዳች ነበር።

«ቀለሟ ምን ነበር?» አልኩ።

ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ዞር ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ የመኪና ቀለም ደግሞ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ?»