ሰንጢ ስንለዋወጥ የተማርነው

ሰው ከዋና ሥራው ጎን ለጎን አንድ የሚወደው ነገር አያጣም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የድሮ ሳንቲም የሚያከማች አለ፤ የኳስ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ እየቆረጠ ደብተሩ ላይ የሚለጥፍም አለ። የእኛ ፍቅር ሰንጢ ነው። ሰንጢ ስንል ለጠብ የሚመዘዘውን አይደለም። ከስለቱ ሌላ መቀስ፣ መጋዝ፣ ወስፌ፣ ካቻቢቴ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ወረንጦ በአንድ እጀታ አጣጥፎ የያዘውን የኪስ ሰንጢ ማለታችን ነው። «ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ከሰንጢ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ቢታገሠን መልሱን ያገኘዋል ብለን እናምናለን።

እኛ በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ሦስት ሠልጣኞች ስንሆን ያደግነው ደባርቅ ነው። ደባርቅ እንደሚታወቀው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ዋልያና ጭላዳ ለማየት ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ለብዙ ቀናት በእግሩ ይጓዛል። ሲመለስ ታዲያ ለበቅሎ ነጂውና ለወጥ ሠሪው ከጉርሻው ጋር አንዳንድ ዕቃ ይተውላቸዋል፤ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንዳንዴም ሰንጢ። ሰንጢውን የሚተውበት ምክንያት ደግነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. አሜሪካ ላይ ከደረሰው አደጋ ወዲህ የአውሮፕላን ፍተሻ ስለጠበቀ፣ በእጅ ሻንጣው የረሳውን ሰንጢ በር ላይ ከሚነጠቅ ለሰው ሰጥቶት ቢሄድ ይሻለዋል። በዚህ ዓይነት ቀያይ እጀታ ያላቸው ሰንጢዎች ሰፈራችን ገቡ። እኛም ልጆች ሳለን በብይ፣ በባትሪ ድንጋይ፣ ሲብስም የቤት ሥራ በመሥራት እንለዋወጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው አመጣጥ ጥቂት ብንል አንባቢን አናሰለችም ብለን እንገምታለን። ካርል ኤልዝነር የተባለ የስዊስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የስዊስ ጦር አዲስ ጠመንጃ ታጥቆ ነበርና ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮ ምግቡን የሚከፍትበት መክፈቻ ያስፈልገው ነበር። ሁለቱንም ከስለትና ከወስፌ ጋር በአንድ የእንጨት እጀታ ማጠፍ ተፈለገ። የመጀመሪያው ሰንጢ የተሠራው ግን ጀርመን አገር ዞሊንገን ከተማ ነው፤ ያን ያህል ብዛት የሚያመርት ፋብሪካ በስዊስ አልነበረምና። ኤልዝነር በዚህ ተቆጭቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ለአገሩ ጦር ማቅረብ ጀመረ። ጀርመኖቹ በርካሽ ስለሚሠሩ ሊከስርና ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያወጣው ግን በሐሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. «የመኮንን ሰንጢ» የተባለውን ቀለል ያለ ሰንጢ በሕግ አስመዘገበ። የዚህ ሰንጢ ብልሃት ሞላው ላይ ነው። በእጀታው ጀርባ ያለው አንድ ሞላ በፊትም በኋላም የሚታጠፉትን መሣሪያዎች ስለሚይዝ፣ ብዙ መሣሪያ በቀጭን እጀታ ይገባል። እናቱ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. ስታርፍ ፋብሪካውን በስሟ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. የማይዝግ ብረት መጠቀም ሲጀመር ደግሞ የማይዝግ ማለት የሆነው «ኢኖክስ» ተጨምሮ «ቪክቶሪኖክስ» ተባለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች በጀርመንኛ የሚጠራው ስሙ ለምላሳቸው ስለከበዳቸው «የስዊስ ጦር ሰንጢ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቬንገር የሚባል ሁለተኛ ፋብሪካም ለጦሩ ያቀርብ ነበር። ይህን ፋብሪካ ቪክቶሪኖክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ገዛው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ዓ.ም. በኋላም በቬንገር ስም የሚወጣ ሰንጢ ቀረ። በመሆኑም ሰብሳቢዎች ዛሬ ቬንገርን ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል።

ፒንሳ ያለው ዓይነት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በአሮጌ ፊያት 600 አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ እየቆመች አስቸገረችው። በኪሱ ሰንጢ ነበረው፤ ፒንሳ ግን አልነበረውም። አገሩ ተመልሶ ሰንጢና ፒንሳን አንድ ላይ ለማድረግ ዓመታት ከለፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. መሸጥ ጀመረ። ፊያት 600 ማለት አዲስ አበባ ላይ ስንት ዘመን ታክሲ ሆና ያገለገለችው ሰይቼንቶ ናት። የእሷን መቆም የሚያውቁ ታላላቆቻችን የሰውየውን ችግር ሳንነግራቸው ይረዱታል።

ሰብሳቢዎች ሲለዋወጡ ምን ያያሉ? በመጀመሪያ ስለቱ ከእጀታው ሲወጣ ሥሩ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ያያሉ። ጽሑፉ እንደየዘመኑ ስለሚለያይ የሰንጢው የልደት ወረቀት ማለት ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. የወጣው የወታደር ሰንጢ እጀታው አሉሚኒየም፣ ርዝመቱ 93 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ስለቱ ሥር ተመትተዋል። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በአዲስ ስለተተካ ለጦሩ አይሠራም። ቀጥሎ ስለቱ መሳል አለመሳሉን ያያሉ። የተሳለ ስለት ይሳሳል፤ የሳሳም ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ ሞላውን በጆሯቸው ያዳምጣሉ። ደህና ሞላ ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል፤ የደከመ ግን ድምፅ የለውም።

እኛም በዚህ ተቋም ከገባን ወዲህ አሥራ አንድ ሰንጢ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅመናል። ስለታም ዕቃ መኝታ ክፍል ማስቀመጥ ስለማይፈቀድ ቆርቆሮዋ የምትቀመጠው በእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ በመምህራችን ቁልፍ ሥር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ባሉበት ከፍተን እንወለውላለን፤ ከሌሎች ሠልጣኞችም ጋር እንለዋወጣለን። ለልውውጡ ሦስት ደንብ በደብተር ጽፈናል። አንደኛ፣ ሰንጢ ለሰው የሚሰጠው ተዘግቶ ነው። ሁለተኛ፣ ጉድለት ያለው ጉድለቱን ይናገራል። ሦስተኛ፣ የተጸጸተ እስከ ማግሥቱ ድረስ ያፈርሳል። ደንቡ ጥሩ ነው እያልን በራሳችን እንኮራ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። በዚህ ዓመት የገባ አንድ የገጠር ልጅ አንድ ቅዳሜ እጅ ሥራ ክፍል መጥቶ የእኛን ቆርቆሮ ሲያይ «እኔም እኮ አለኝ» ብሎ እሱም ለመምህራችን በአደራ የሰጠውን አወጣ። የአሉሚኒየም ሰንጢ ናት። ከፍተን ሥሩን ስናይ 74 ይላል! የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ነው ማለት ነው፤ ከእኛ ዕድሜ ከሁለት እጥፍ በላይ። አባቱ በቅሎ ነጂ ሳሉ ከአንድ ሽማግሌ እንግዳ አግኝተዋት ስንት ዓመት በየሰፈሩበት ድንች ልጠውባታል። ልጃቸው ወደ ተቋሙ ሲመጣ «እርሳስህን ቅረጽባት» ብለው ሰጡት። ልጁ ግን ዓይኑ ያረፈው መቀስ ባላት በአንዲት ቀይ ሰንጢያችን ላይ ነበር።

ይህችን ቀይ ሰንጢ ጎንደር ላይ ከአንድ ሱቅ በደረቴ ነበር የገዛናት። እውነተኛ መስላን ከፍለን፣ ኋላ ሥሯን ስናይ ምንም ጽሑፍ የሌለባት አስመስለው የሠሯት ሆና ተገኘች። ሞላዋም ደክሟል። ተታለናልና እፍረታችንን ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀን ተቀምጠናል። ልጁ «መቀስ ያላትን ትሰጡኛላችሁ?» ሲል እርስ በርሳችን ተያየን። ከሦስታችን አንዱም ሁለተኛውን ደንብ አላነሣም። በልባችን «ደንቡ ለእኛ ለሰብሳቢዎች ነው፤ እሱ ሰብሳቢ አይደለም» አልን። ሰጠነው፤ ተቀበልን። እሱ ደስ ብሎት እየሮጠ ወጣ። እኛም ያን ምሽት ደስታ እንቅልፍ ነሥቶን ስለ 74 ስናወራ አመሸን።

በሳምንቱ ልጁ ለማስተማር ልምምድ ለ2ኛ ክፍል ሕፃናት የካርቶን ሰዓት ይሠራ ነበር። የሰዓቱ እጆች የሚገቡበትን ቀዳዳ መሐሉ ላይ መብሳት ነበረበት። በአሮጌዋ ሰንጢ ቢሆን በወስፌዋ ይበሳው ነበር። ቀይዋ ወስፌ የላትምና በስለቱ ጫፍ ገፋው። የደከመው ሞላ አልያዘለትም፤ ስለቱ ታጥፎ በሌባ ጣቱ ላይ ተዘጋ። ክሊኒክ ሄዶ ተሰፋ። በማግሥቱ ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያንኑ የካርቶን ሰዓት ይዞ አስተማረ። ልንጠይቀው ስንሄድ «ምንም አይደል፤ የኔ አያያዝ ነው» አለን። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

ሁለት ቀን እርስ በርሳችን ሳንነጋገር ሰነበትን። ቅዳሜ ሲደርስ መምህራችን ባሉበት 74ን ከቆርቆሮው አውጥተን ለልጁ ሰጠነውና ሁሉንም ነገርነው፤ ጽሑፉን፣ ዓመቱን፣ የቀይዋን ሰንጢ ጉድ።

«ይህን ያኔ ታውቁ ነበር?» አለ።

«እናውቅ ነበር» አልን።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ከእኛ አንዱ «ያው… ልውውጥ ነው ብለን ነው» አለ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «እኔ እኮ ገበያ መስሎኝ አይደለም የሰጠኋችሁ። ታላላቆቼ ናችሁ ብዬ ነው» አለ። መምህራችን ምንም አልተናገሩም፤ የያዙትን ሞረድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የእሳቸው ዝምታ ከንግግር በላይ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! ይህን የጻፍነው ይቅርታ ለመለመን ብቻ አይደለም። ነገሩን ስናስበው የሰንጢዋ ዋጋ ያለው ብረቷ ላይ አልነበረም። ብረቷ ድንች ትልጣለች፣ እርሳስ ትቀርጻለች፤ ይኸው ነው። ዋጋ የሰጣት 74 የሚለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማወቃችን ነው። ያን ዕውቀት እኛ ነበረን፣ ልጁ አልነበረውም። በእኛ ማወቅና በእሱ አለማወቅ መካከል ያለውን ክፍተት ወስደን ትርፍ አደረግነው። የመምህርነት ሥራ ደግሞ ሌላ ምንድን ነው? የሚያውቅና የማያውቅ በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ነገ አርባና ሃምሳ ሕፃናት ፊታችን ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ከእኛ ያነሰ የሚያውቁ፣ ሁሉም «ታላቃችን ነው» ብለው የሚያምኑን። ያን ጊዜ የምንሰጣቸው ሞላው የደከመውን ከሆነ፣ ልጆቹ ጥፋቱን የሚያደርጉት በራሳቸው ላይ ነው። «የኔ አያያዝ ነው» ነው የሚሉት።

ሰብሳቢነቱን ግን አልተውነውም። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰብሳቢዎች ጉድለቱን ተነጋግረው ሲለዋወጡ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ታሪክም ጂኦግራፊም ያስተምራል። ቀይዋን አስመሳይ ስለቷን ሰብረን «የተታለልንባት፣ ያታለልንባት» የሚል ወረቀት አስረን ከቆርቆሮው አስቀምጠናታል። 74 ግን ከባለቤቷ ጋር ናት። ልጁ በየቅዳሜው በድንጋይ ይስላታል። ስለቷ እየሳሳ ነው። ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ቢያይ ያለቅሳል፤ እኛም አንዳንዴ እጃችንን ይበላናል። ግን እርሳስ ትቀርጻለች፤ የካርቶን ሰዓትም ትበሳለች።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም በደብተራችን አራተኛ ደንብ ጨምረናል፤ የሚያውቀው አስቀድሞ ይናገራል። ደንቡ ሰብሳቢ ለሆነም ላልሆነም እኩል ይሠራል። አሥሩ ሰንጢዎችና ደብተሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእጅ ሥራ ክፍል ይታያሉ። ሊያይ የሚፈልግ ይምጣ፤ ሊለዋወጥ የሚፈልግም የየአንዳንዳቸውን ጉድለት ከእኛው አፍ ይስማ።