አረንጓዴ ሻይ በአብነት ውኃ

አንባቢ ሆይ! ወደ አብነት ብቅ ያሉ እንደሆነ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ የቀረፋና የቅርንፉድ መዓዛ ይቀበልዎታል። ሻይ ማለት እዚህ ተንተክትኮ የቀላ፣ ስኳር የጠገበ ነው፤ እኛም አንጠላውም። አረንጓዴውን ሻይ ግን በዚሁ ልማድ ያፈሉት እንደሆነ መራራ ይሆንና ቅጠሉ በከንቱ ይታማል።

ተክሉስ ጉማሮና ውሽውሽ ከሚበቅለው ከጥቁሩ ሻይ ጋር አንድ ነው፤ ይኸኛው እንደተቀጠፈ በእሳት ወይም በእንፋሎት ስለሚሞቅ ሳይጠቁር ይደርቃል። ሲገዙ ወደ ቡናማ የሄደውን ይተዉት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይኸም ይበዛበታል፤ 80 ይበቃዋል። ስለዚህ በራዱን ካወረዱ በኋላ ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፍስሰው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተው ያጥልሉት። ስኳሩን ከመጨመርዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ይቅመሱልን።